መጽሐፉን የቀበርነው ተናድደን አይደለም

ለተከበሩት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፣
በትልቁ ወንበርዎ ላይ እንዳሉ

አልተናደድንም ጌታዬ። ማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ በደማቁ አትመው የለጠፉት «የሬሳ ሣጥን ሠሪዎች እንኳ ሳይቀሩ በመጽሐፉ ከመቆጣታቸው የተነሳ ወስደው ቀብረውታል» የሚለው ነገር ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። ቀብረነዋል፣ እሱን አልክድም። ቁጣ የሚባል ነገር ግን አልነበረበትም። ይህን ማስቀደም ስለነበረብኝ ሰላምታዬ ዘግይቷልና ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ ደም ግፊትዎ ሁሉም ደህና ይሁንልዎ እላለሁ። እኔ ለሰው ጤና ስመኝ ከልቤ እንደሆነ እንዲያውቁት ያህል፣ ሰው ጤና በሆነ ቁጥር ሥራ የምፈታው እኔ ነኝ።

ማን እንደሆንኩ ባይጠፋዎትም ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና ሰው ሁሉ ስለሚያነበው ልናገር። ከቤተ መጻሕፍትዎ ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ፣ ከጎማ ጠጋኙ ጎን ባለው የሬሳ ሣጥን ቤት የምሠራው ረጅሙ ልጅ ነኝ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ የቆመው እሱ ነው፣ እኔ አልቆምኩም። አንድ ሣጥን ከጥሬ ሳንቃ ተነስቼ እጀታው እስኪገባለት አራት ሰዓት ተኩል ይበቃኛል፤ ከኔ የሚፈጥን ካለ ስሙን ይላኩልኝና ሄጄ እጁን ልሳም። ማንበብም አውቃለሁ። ጮክ ብሎ በማንበብ ደግሞ ማንም አይደርስብኝም፤ ጎማ ጠጋኙ ኮምፕሬሰሩን የሚያጠፋው የኔን ድምፅ ለመስማት ነው፣ ሄደው ይጠይቁት።

መጽሐፉን ያመጣችልኝ እህቴ ናት። እህቴ ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው፤ ራሷ አንብባው፣ አልቅሳ፣ ስቃ፣ «ስለናንተ ሥራ የተጻፈ ነገር አለ፣ በስሜ አውጥቼልሃለሁ፣ ብታበላሸው እገድልሃለሁ» ብላ ሰጠችኝ። «ሟቹ አርፍደዋል» ይላል ርዕሱ። ላላነበበው ሰው ላስረዳ። አንድ ባለጸጋ ሽማግሌ «በመጪው እሁድ እሞታለሁ» ብሎ ለዘመዶቹ በሙሉ ይልካል። ዘመድ ከየአቅጣጫው የሥራ ፈቃድ ወስዶ ይሰበሰባል። እሁድ ደረሰ፤ ሽማግሌው ቁርሱን ጥርግ አድርጎ በላ። ሰኞም አልሞተ። ፈቃድ አለቀ፣ ጥቁር ልብስ ቆሸሸ፣ ለማልቀስ የመጡት አክስት ጉሮሯቸው ተዘጋ። ሽማግሌውን እንዲለካ የተጠራ ሣጥን ሠሪም አለ፤ ስስታም፣ ውሸታም፣ ሰው ሲያስነጥስ ሜትሩን የሚመዝ። ሰውዬው በየቀኑ «ዛሬስ?» እያለ ሲመላለስ ሽማግሌው አንድ ቀን ያስቀምጠውና ሣጥኑን ጠረጴዛ አድርገው ካርታ መጫወት ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልናገርም። አንደኛ፣ ላላነበበ ሰው መንገር ነውር ነው። ሁለተኛ፣ መጨረሻውን አላውቀውም። አጎቴም አያውቁትም። አጎቴ ደግሞ የፊታችን አርብ ጠዋት የልብ ቀዶ ሕክምና አለባቸው።

አጎቴ የቤቱ ባለቤት ናቸው። ሜትር ስለማይዙ ሰፈሩ ጋሽ ስንዝር ይላቸዋል። ፊደል አልቆጠሩም፤ ሣጥን ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርተዋል። ከሁለት ወር በፊት ሐኪሙ መላጊያ አትንካ፣ ሳንቃ አታንሳ፣ ተቀመጥ አላቸው። እሳቸው ደግሞ ቁጭ በል የሚላቸውን ሰው በጠላትነት ነው የሚያዩት። አንዴ መጋዝ፣ አንዴ መዶሻ እየነጠቅናቸው ስንጨቃጨቅ ሰነበትን። ወንበር ላይ ያስቀመጣቸው ይሄ መጽሐፍ ነው። እኛ ቤት ማጣበቂያ ተቀብቶ እስኪደርቅ አርባ ደቂቃ ይፈጃል፣ በዚያ ሰዓት ሣጥን አይነካም። ያን ጊዜ እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይሰማሉ። የቀረን ሠላሳ ሰባት ገጽ ነው፤ በኛ አቆጣጠር ሦስት ማጣበቂያ። አጎቴ ባለፈው ሳምንት ከሐኪሙ ዘንድ ሲመለሱ ምን አለዎት ብለን ከበብናቸው። ምንም አላለኝም አሉ፤ «ግን እኔ ሰው በማይበት ዓይን ሲያየኝ ያዝኩት» አሉ።

እንግዲህ ቅሬታዬን በቁጥር በቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ። እርስዎም ደብዳቤዎን በቁጥር ስለሚጽፉ ቢለምድብኝ ነው።

1. አቀባበሩን በተመለከተ።

በአጎቴ ቤት ሕግ አለ። ደንበኛ ሲገባ አይሳቅም፣ ሬዲዮ አይከፈትም፣ አይበላም፣ አይነበብም። እኛ ጋ የሚመጣ ሰው ሸሚዝ ሊገዛ አይደለም የሚመጣው ይላሉ። ሕጉን የጣሰ የዚያን ቀን ሥራውን ትቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እኔ ሁለት ቀን ሄጃለሁ። ስለዚህ ኮቴ በሰማን ቁጥር መጽሐፉ ቅርብ ያለ ሣጥን ውስጥ፣ የትራሱ ሆድ ውስጥ ይገባል። ገበሩንና ትራሱን የሚሰፉልን እትዬ ሳቲን ናቸው፤ የትራሱን አንድ ጎን ሣጥኑ ሊወጣ እስኪል ድረስ አይዘጉትም፣ እጅ ያስገባል። መጽሐፉ ይገባል፣ ፊታችን ይኮሳተራል፣ ደንበኛው ይገባል። ከአንድ ወር በላይ እንዲህ ስንሠራ አንድ ቀን ስህተት አልነበረም።

ያን ቀን ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ነበርን። ሽማግሌው በካርታ ተበልቶ ከአልጋው ይነሳና ሣጥን ሠሪውን በከዘራ ያባርረዋል፤ ወራሾቹ ደግሞ «አባባ፣ ይደክምዎታል» እያሉ ከኋላ ከኋላ ይሮጣሉ። ቀለም ቀቢያችን ቫርኒሽ ሳቁ አልቆም ብሎት እንባው ይፈሳል። በዚህ መሀል ሦስት ወንድማማቾች ገቡ፤ አባታቸው ዐርፎባቸው ነው። እኔ መጽሐፉን ወደ ኋላዬ ከተትኩት። እጄን ስለማምነው አላየሁም፣ ፊቴን ለማኮሳተርም ቸኩያለሁ። ቫርኒሽ ግን ሳቁን ማቆም ስላቃተው ወደ ግድግዳ ዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ትልቁ ልጅ አየውና ሄዶ አቅፎት አባታችንን ታውቀው ነበር እንዴ አለው። ቫርኒሽ እንደታቀፈ ራሱን ነቀነቀ። ይኸው፣ ከዚያ ሁሉ ሣጥን መርጠው የወሰዱት ቫርኒሽ አጠገቡ የቆመበትን ነው። የሚለቀስበት ሣጥን ጥሩ ሳይሆን አይቀርም ብለው ይሆናል።

ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው ተባለና ተዋከብን። እትዬ ሳቲን የትራሱን ጎን በሁለት ደቂቃ ሰፍተው ዘጉት፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበርና መጽሐፉ የት እንደገባ አላዩም። ሣጥኑን ከፊት በቀኝ በኩል ይዤ መኪና ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። ከበድ አለኝ። ጥሩ እንጨት ነው የገጠምኩት ብዬ ኮራሁ።

የሚቀጥለው ማጣበቂያ ተቀብቶ ቁጭ ስንል መጽሐፉ የለም። የሁሉንም ሣጥን ትራስ ፈተሽን። የለም። የጎማ ጠጋኙን ብስክሌት ነጥቄ መቃብር ቦታው ድረስ ስበር ሄድኩ፤ ሌላ ሰው ቢሆን አርባ ደቂቃ ይፈጅበታል፣ እኔ በአሥራ ስምንት ደረስኩ። ስደርስ አፈሩ ሞልቶ በአካፋ ጀርባ እየደለደሉት ነው። እስቲ እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ ምን ይባላል? «ይቅርታ፣ የአባታችሁ ትራስ ውስጥ የጀመርኩት ነገር አለ» ልበል? ኮፍያዬን አውልቄ ከሰው ጋር ቆምኩ። እንዲህ ያለው ጨዋነት በስንተኛ ክፍል እንደሚሰጥ አላውቅም፤ እኔ ከስድስት በታች ነው ያገኘሁት።

2. ማስታወቂያዎን በተመለከተ።

በማግስቱ ማንም ሳይጠራኝ በእግሬ መጥቼ ለመዝጋቢዋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ከንፈሯን እየነከሰች ሰማችኝ። ቅጹ ላይ «ያልተመለሰበት ምክንያት» የሚለው ቦታ ግን ከአንድ ጣት አይሰፋምና «ቀብረውታል» ብላ ጻፈች። አልፈርድባትም፣ ሐሰት አልጻፈችም። እርስዎ ግን፣ መጽሐፉን ከመደርደሪያ ለማውረድ ኮሚቴ ሰብስበው ምክንያት አጥተው ሲብሰከሰኩ የነበሩት፣ ይህች አንዲት ቃል እንደ ሎተሪ ወጣችልዎና መጽሐፉን አወረዱት። ሁለት መንገድ ወርደው «ለምን ቀበራችሁት?» ብለው ቢጠይቁን ኖሮ ጫማዎ አቧራ ይነካው ነበር፤ ለጫማዎ ስለተጠነቀቁ እናመሰግናለን።

ማስታወቂያው ከወጣ ወዲህ ቤታችን ሰው አያጣም፣ ሣጥን የሚፈልግ ግን የለም። ግማሹ መሃይሞች፣ መጽሐፍ ቀባሪዎች እያለ በመስኮት ብቅ ብሎ ይሄዳል። እኔን መሃይም ያለ ሰው ቆሞ ቢጠብቀኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ሁሉም ፈጣን ናቸው። ግማሹ ደግሞ ሊያደንቀን ይመጣል፣ ይሄኛው ይብሳል። ጡረታ የወጡት ርዕሰ መምህር ክራቫታቸውን አስረው መጡና አጎቴን ከወንበራቸው ሳያስነሱ አቅፈው፣ እናንተ ናችሁ ለሙያችሁ ክብር የቆማችሁት፣ ያ ደራሲ ሣጥን ሠሪን ስስታምና ውሸታም አድርጎ ሰድቧችኋል ብለው አነበነቡ። አጎቴ እስኪጨርሱ በትዕግሥት ጠበቋቸው። ከዚያ እንዲህ አሏቸው፦

«የኔታ፣ ያ ስስታም ሣጥን ሠሪ እኮ እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው እኔን ሲያይ መንገድ ይሻገራል። አንድ ሰው ሣጥን ሠሪውን ና ቁጭ በል ሲለው የሰማሁት እዚህ መጽሐፍ ላይ ነው። ማን ነው የተሰደበው?»

ርዕሰ መምህሩ ክራቫታቸውን አስተካክለው ወጡ። ሲወጡ ታዲያ መንገድ ተሻገሩ።

3. የአንባቢያን ምላሽ ብለው ስለለጠፉት።

በርዎ አጠገብ የአስተያየት መዝገብ አለ፤ ያነበበ ሁሉ የተሰማውን ይጽፍበታል። እኔ ሥራ ፈትቼ ሳይሆን ለማወቅ ብዬ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ስለዚህ መጽሐፍ የተጻፈው አሥራ ዘጠኝ ነው። አሥራ አምስቱ ወደውታል፣ አራቱ ረግመውታል። እርስዎ የለጠፉት አራቱን ነው። አምስተኛ እኛን ጨመሩ። በአናጢ ቤት እንዲህ የሚቆጥር ሰው ጣቱ በእጁ ላይ አይቆይለትም።

አንደኛው ሰው ከላይ ያነሳኋቸው ርዕሰ መምህር ናቸው፤ «በሞት አይቀለድም» ብለው ጽፈዋል። ስንት ገጽ እንዳነበቡ እኛው ቤት በአፋቸው ነግረውናል፤ አሥራ አንድ። በአሥራ አንደኛው ገጽ እኮ ሽማግሌው ገና ደብዳቤ እየላከ ነው፣ የሞተም የቀለደም የለም። እኛ ሞትን በየቀኑ በስንዝር እየለካን እጀታ እንገጥምለታለን፤ ይቀለድበት አይቀለድበት የሚለውን ለባለሙያ ቢተዉልን ምን ነበር?

ሁለተኛዋ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ናት። መጽሐፉ ላይ ያለችው፣ ያቺ የሽማግሌውን ክኒን የምትደብቀው ምራት እኔን ለማዋረድ የተጻፈች ናት ትላለች። እኔ እንኳን ያቺን ምራት ከሷ ጋር አገናኝቼ አላውቅም ነበር፣ ማንም አላገናኛትም። አሁን ግን መድኃኒት ልንገዛ በገባን ቁጥር አማቷን ደህና ናቸው ወይ ብለን እንጠይቃለን።

ሦስተኛው የመጽሐፉ ፊደል ደቃቃ ነው ብሎ የተቆጣ ነው፤ ይሄንን ሰውዬ ዓይን ሐኪም ያግዘው።

አራተኛው ስሙን አልጻፈም። «መጨረሻው አልጣመኝም» ነው ያለው። ጌታዬ፣ ከዚህ ሰው ጋር ብቻ ያገናኙኝ። አልመታውም። መጨረሻው ድረስ ደርሶ፣ ጨርሶ፣ አጣጥሞ፣ ከዚያ አልጣመኝም ለማለት የታደለ ሰው ምን እንደሚመስል ማየት ነው የምፈልገው።

እህቴ የጻፈችው ሦስት ገጽ ሙሉ ግን አልተለጠፈም። ሦስት ገጽ። እህቴ በሕይወቷ ከገበያ ዝርዝር ሌላ ጽፋ አታውቅም። ፀጉር እያጠበች ስታስብ ውላ፣ ማታ እጇ በቀለም ተነክሮ ነው የጻፈችው፤ ሽማግሌው የሚዘገየው ሰው አጠገቡ እንዲቆይ ብሎ ነው፣ አባቴም እንዲህ ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ምናለ ብላ። እሱ ለኮሚቴዎ አልተመቸም መሰለኝ።

4. «ቅጂውን በአካል ይመልሱ» ስላሉት።

በደብዳቤዎ ሌላ ነገር እንደማይተካው፣ ማኅተም ያለበት ያው ቅጂ በአካል ካልተመለሰ የእህቴ መታወቂያ ታግዶ እንደሚቆይ አስታውቀውናል። ትእዛዝዎን አክብሬ አካፋዬን አልያዝኩም እንጂ ወደ ሟቹ ባለቤት ሄጄ ነበር። ሟቹ የመብራት ቆጣሪ እያነበቡ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሴትዮዋ በር ከፈቱልኝ፣ ውሃ ሰጡኝ፣ እኔም ላቤ እየወረደ እውነቱን ነገርኳቸው። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን መጽሐፉ ወፍራም ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሁለት መቶ አርባ ዘጠኝ ገጽ ነው አልኳቸው። እሱ እኮ ትራስ ከፍ ሲልበት አይወድም ነበር አሉ፣ ከዚያ ሳቁ። ልጆቻቸው ከጓዳ ሮጠው መጡ፤ እናታቸው ከቀብሩ ወዲህ ድምፅ አውጥተው ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር። እዚያው ይቆይለት፣ በሕይወቱ ቁጥር ብቻ ሲያነብ ነው የኖረው አሉኝ። ታሪኩን ነግሬያቸው ነበርና ሲሸኙኝ ደግሞ ያ ሽማግሌ ሞተ ወይስ አልሞተም ብለው ጠየቁኝ። ይኸው አሁን መጨረሻውን የምንጠብቀው ሰዎች አንድ ጨመርን።

ስለዚህ ያንን ቅጂ በአካል የሚፈልጉ ከሆነ ባለቤቲቱን ራስዎ ያስፈቅዱ። አድራሻቸውን እሰጥዎታለሁ፣ አካፋም አውስዎታለሁ።

5. መሳቢያዎን በተመለከተ።

ይሄንን ላለመጻፍ ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ታግያለሁ፤ አሸናፊው እኔ ነኝ፣ የተሸነፈውም እኔው ነኝ። መጽሐፍ ሻጩ ጋ ሄጄ ነበር። አንድም የለም አለኝ። ማስታወቂያዎ በተለጠፈ በሦስት ቀን የነበረው በሙሉ አለቀ፣ የሚቀጥለው እትም ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ኃላፊውን አመስግንልኝ ብሎኛል፣ ይኸው አመሰገንኩ። ሁለት ወር ለኔ ምንም አይደለም። ለአጎቴ ግን ሁለት ወር ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

የእርስዎ ቤት ሁለተኛ ቅጂ እንዳለው መዝጋቢዋ ስለነገረችኝ ባለፈው ሐሙስ መጣሁ። ተቀመጥ ተባልኩና ቢሮዎ በር ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ከውስጥ ሳቅ ይሰማል። የስልክ ሳቅ አይደለም፤ የስልክ ሳቅ መሀል ላይ «እሺ፣ እሺ» አለው። ብቻውን የሚስቅ ሰው ሳቅ ነው፣ ለመታፈን የሚሞክር፣ በአፍንጫ የሚያመልጥ። አንኳኩቼ ስገባ መሳቢያው ሲዘጋ አየሁ፣ መነጽርዎ ግንባርዎ ላይ ነው፣ ዓይንዎ እርጥብ ነው። ፊትዎን ወዲያው አኮሳተሩት። እኔ ያንን ፊት አውቀዋለሁ ጌታዬ፣ በቀን አምስቴ የምሠራው ነው፤ የርስዎ ግን ልምምድ ይቀረዋል፣ አገጭዎ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከመሳቢያው ጠርዝ ደግሞ የሽፋኑ ቢጫ ጫፍ ወጥቶ ይታያል። ይሄ ከኅብረተሰቡ ሞራል ጋር አይሄድም ተብሎ የወረደው መጽሐፍ ነው።

አልናደድኩም። ሲያነቡት ደስ አለኝ እንጂ። የተናደድኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሦስት ማጣበቂያ ብቻ ያውሱኝ፣ አጎቴ በሚቀጥለው ሳምንት አርብ ቀዶ ሕክምና አለባቸው ብዬ ስለምን፣ መጽሐፉ ለማንም አይወጣም፣ ደንብ ነው አሉኝ። እሺ። ከዚያ ግን ደግ ሊሆኑ ብለው፣ ብቻ መጨረሻውን ማወቅ ከሆነ የፈለግከው እኔ በሁለት ቃል ልንገርህ አሉኝና አፍዎን ከፈቱ። ጆሮዬን በሁለት እጄ ይዤ ከቢሮዎ ስወጣ ያየኝ ሰው የመታኝ ነገር ያለ መስሎት ነበር። ቤት ስደርስ አጎቴ በር ላይ ጠበቁኝ። ነግሮህ ከሆነ አትግባ አሉኝ። አልነገረኝም ብዬ ምዬ ነው የገባሁት።

ሁለት ቃል ለርስዎ በቂ ነው፣ ይገባኛል፣ ሥራ ይበዛብዎታል። አጎቴ ግን በሁለት ቃል አይሆንላቸውም። ሽማግሌው ይሞታል ወይስ አይሞትም የሚለውን አይደለም የሚፈልጉት፤ ሁሉም ሟች ነው፣ ይሄን ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። እሳቸው የሚፈልጉት የመጨረሻውን ካርታ ማን እንደበላ፣ ማን አጠገቡ እንደተቀመጠ፣ ሣጥን ሠሪው እንደለመደው «ዛሬስ?» ብሎ ሲመጣ ማን በር እንደከፈተለት ነው። ይሄ ሠላሳ ሰባት ገጽ ይፈልጋል። ቫርኒሽ የራሱን መጨረሻ ፈጥሮ ነግሯቸው ነበር፣ በጣም አሪፍ መጨረሻ፣ ፖሊስ ሁሉ አለበት። አጎቴ ሰምተው ሲጨርሱ የሚያምር ውሸት ነው፣ አሁን እውነተኛውን አምጡ አሉን።

እንግዲህ ጥያቄዬ ሁለት ነው፣ እንደ ሰው ቢቆጥሩት አንድ ነው። አንደኛ፣ ሣጥን ሠሪዎች ተቆጥተው ቀበሩት የሚለውን ወረቀት ከሰሌዳው ያውርዱልን፤ በቦታው «በስህተት ቀብረውታል፣ በጣም ወደውታል» ብለው ይጻፉ፣ የቦታ ችግር የለም፣ ሰሌዳዎ ሰፊ ነው። ሁለተኛ፣ መሳቢያዎ ውስጥ ያለውን መጽሐፍ ለአንድ ቀን ያውሱን። እጄን የማያምኑት ከሆነ፣ የቅርብ ጊዜ ታሪኩን ሳየው አልፈርድብዎትም፣ ዘበኛዎ ይዞት ይምጣ፤ እሱ ገጹን ይገልጣል፣ እኔ በዓይኔ ብቻ አነባለሁ። ደንበኛ ከመጣም ዘበኛው ብብቱ ሥር ይያዘው፣ ሣጥን ውስጥ የሚባል ነገር የለም። አልጨረስኩትም ካሉ ደግሞ ራስዎ ይምጡና አብረውን ይስሙ። ወንበር አለን። ሲስቁ ማንም አያይዎትም፣ ሁላችንም ፊታችንን ወደ ግድግዳ እናዞራለን።

እርስዎን ለዚህ ወንበር የመረጡትን እያመሰገንኩ፣ ለመሳቢያዎ ቁልፍ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በጥበብዎ ፊት ኮፍያዬን አውልቄ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ግን ዓይኔን ከርስዎ ሳልነቅል፣

አክባሪዎና አንባቢዎ፣
የጋሽ ስንዝር የእህት ልጅ፣ በአራት ሰዓት ተኩል ሣጥን የሚያወጣው

ማሳሰቢያ፦ አጎቴ ሐኪም ቤት የሚገቡት ሐሙስ ጠዋት ነው። መልስዎ እሺ ከሆነ ለኔ ይላኩልኝ። አይሆንም ከሆነ ግን ለኔ አይጻፉ፣ ወረቀት አያባክኑ፤ ሐሙስ ጠዋት ስንሄድ በርስዎ በር በኩል አሳልፋቸውና አግዳሚዎ ላይ ከነሻንጣቸው አስቀምጣቸዋለሁ፣ ወጥተው ፊት ለፊታቸው ቆመው ደንቡን በአፍዎ ይንገሯቸው። ዛሬ ሰኞ ነው። እስከ ረቡዕ ስድስት ሰዓት ይመልሱልኝ።